ስድስት ዓሦችና አንድ እርጥብ እጅጌ

ስድስቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አዙረው ተንሳፍፈዋል። ትናንት ከሰዓት እነዚህ ወርቃማ ዓሦች ወደ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ሰፈሩ በሙሉ ሙሽራ የመጣ መስሎት ከየበረንዳው ተሰቅሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያ ጣናን የሚያስንቅ የመስታወት ገንዳ የሬሳ ሳጥን ሆኗል።

«መርዛቸዋለች!» አለ የቤቱ ጌታ ግሩም። «ፖሊስ ጣቢያ ሳልወስዳት እርስዎ ያናዝዙልኝ ብዬ ነው የጠራሁዎት፣ እትዬ ዙሀራ።»

እትዬ ዙሀራ ጡረታ የወጡ የወንጀል መርማሪ ናቸው። ከኮልፌ እስከ ቆሼ ስማቸው ሲነሳ ሌባ የሰረቀውን መልሶ፣ ከራሱም ጨምሮ ይሄዳል። አንዱን ነፍሰ ገዳይ በማስነጠሱ ብቻ ነው የለዩት፤ ይህን ያላመነ ኮልፌ ሄዶ ይጠይቅ።

ሠራተኛዋ ጫልቱ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። እግሯ ሥር ልብሷ የታጨቀበት ፌስታል ታስሮ ተቀምጧል።

«አዩ? ልትጠፋ ነበር!» አለ ግሩም።

ዙሀራ ፌስታሉን ሲያዩ ልጅቷን በልባቸው ጠረጠሯት። ከዚያ ጣታቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው አሸተቱ። ኩሽና ገብተውም ቧንቧውን ከፍተው አሸተቱ። ተመልሰው ወደ ግሩም አማት ዞሩ።

«ወይዘሮ ፀዳለ፣ ዓሦቹን አልወደዷቸውም አሉ።»

«ምን ይወደዳሉ? ጸሎት ስደግም አፍጥጠው ያዩኛል! ግን አልገደልኳቸውም፤ እንዲያውም ጠበል ረጭቼላቸዋለሁ።»

«ብዙ ነው?»

«ጠብታ ነች እንጂ! እኔ ጠበሌን ለዓሣ የማፈስ ሴት ነኝ?»

«አንተስ፣ ማቲ? የገንዳውን የአየር ፓምፕ ነቅለህ ነበር አሉ።»

«ስልኬ ሊዘጋ ነበራ!» አለ የወይዘሮ ፀዳለ ልጅ። «ትንሽ ቻርጅ አድርጌ መልሼ ሰካሁት። ይኸው አረፋው ይንደቀደቃል።»

እውነትም ይንደቀደቃል። ዙሀራ ወደ ጫልቱ ጠጋ አሉ።

«ገንዳውን ነክተሻል፣ ልጄ?»

«አልነካሁም እትዬ። ማንም ሲነካውም አላየሁም።»

«ማን ነካው ብዬ መቼ ጠየቅኩሽ?»

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። ዙሀራ በረንዳ ወጥተው በክረምቱ ብርድ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሲመለሱ ፈገግ ብለዋል። በእሳቸው ፈገግታ ስንቱ ጎረምሳ እንደራደ የሚያውቅ ያውቃል።

«ሁላችሁም ተቀመጡ። ግሩም፣ ትናንት ስለ ዓሦቹ የለጠፍካቸውን ቪዲዮዎች እስቲ አሳየን።»

ግሩም ደረቱን ነፍቶ ስልኩን ሰጣቸው። «ሰው ሁሉ ጉድ ብሏል!»

«ማቲ፣ ዓሣ ሻጩ ስለ ውሃው ምን አላችሁ?»

«ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ይቀመጥ አለ። የቧንቧው ክሎሪን ይገድላቸዋል ብሎ አስጠነቀቀን። ለዚህ ነው ጫልቱ አስቀድማ በባልዲ ቀድታ ያሳደረችው።»

«ጥሩ። ጠበሉ ጠብታ ነው፤ ፓምፑ ይሠራል። የገንዳው ውሃ ግን በረኪና በረኪና ይላል፤ ጠፍቶ ሰንብቶ ትናንት የመጣው የቧንቧ ውሃም ልክ እንደዚያው። እንግዲህ ያደረውን ውሃ ደፍቶ አዲስ የሞላ ሰው አለ። ቪዲዮዎቹን እዩ። በመጀመሪያው ውሃው ደብዝዟል፤ ግሩም ባለመስመር ሸሚዝ ለብሷል። በሁለተኛው ውሃው እንደ አልማዝ ያበራል፤ ግሩም ደግሞ ነጭ ቲሸርት ለብሷል። ሸሚዙ የት ሄደ? ገመድ ላይ ነው። ኮሌታው ከነእድፉ ነው፤ ቀኝ እጅጌው ብቻ እስከ ትከሻው እርጥብ። አንድ እጅጌው ብቻ የሚታጠብ ሸሚዝ የት አገር ነው ያለው?»

ማቲ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። ወይዘሮ ፀዳለ «ጉድ ፈላ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ለቪዲዮ እንዲያምርልህ ገደልካቸው» አሉ ዙሀራ። «በል፣ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቃት።»

ግሩም ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ጫልቱ ዞረ።

«አይተሽኝ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እያየሽ ዝም?»

«ባለፈው ስናገር፣ ማን ጠየቀሽ ብለው በጥፊ መቱኝ።»

የማቲ ሳቅ ተቋረጠ።

«ውጪልኝ!» አለ ግሩም። «እንደዚህ እያየሽኝ እዚህ ቤት አትኖሪም! እነዚህንም ይዘሽ ውጪና ቆሻሻ ላይ ጣያቸው!»

ወይዘሮ ፀዳለ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ጫልቱ ዓሦቹን በእጇ እየለቀመች ፌስታል ውስጥ ከተተች፤ በሌላ እጇ የልብሷን ፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። ዙሀራ ደረጃው ላይ ደረሱባት።

«ልጄ፣ ልብስሽን ያሰርሽው ዛሬ ጠዋት ሞተው ስታያቸው ነው?»

«አይደለም እትዬ» አለች፤ ቁልቁል መውረዷን ሳታቆም። «ትናንት ነው፤ ጋሼ ያደረውን ውሃ ሲደፉት።»