የስምንተኛው ፎቅ መዶሻ

«ዞር እንዳትል» አለ ጣት ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ካየህ ነጥብህ አይያዝም።»

«አልዞርኩም። ትከሻዬን ነው ያከክሁት።»

ጆሮ የሚባለው ልጅ ወንበሩን አዙሮ፣ ፊቱን ለግድግዳው፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ደብተር፣ እጁ ላይ እርሳስ። ከኋላው መርከብ ውሃ ይሰነጥቃል፣ ሸራ ይርገበገባል፣ ሩቅ ቦታ ደወል ይመታል።

የሁለቱ ደንብ ይኸው ነው። ጣት ይጫወታል፣ ጆሮ ያዳምጣል። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ደንቡን ያወጣው ጆሮ ሲሆን ምክንያቱ አጭር ነው፤ አዲስ ጌም ዓይንን ይሸነግላል። ከአሮጌ ጌም ጎን አስቀምጠህ ካየኸው፣ አሮጌው አዲስ ጫማ ካደረገ ልጅ አጠገብ እንደቆመ ምስኪን ነው፤ አፉን ሳይከፍት ተሸንፏል። ድምፅ ግን ልብስ የለውም። በየሳምንቱ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ጌም በዚህ ዓይነት ይመረምራሉ፤ ጆሮ ይጽፋል፤ ጽሑፉ በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ «ጣትና ጆሮ» ተብሎ ይለጠፋል።

«እና እንዴት ነው?» አለ ጣት።

«ጸዴ ነው። ባሕሩ ሦስት ዓይነት ድምፅ አለው። ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ፣ ወደብ ስትደርስ ደግሞ ውሃው ድንጋዩን ይልሰዋል። ይሄን የሠራ ሰው ውሃ አጠገብ ቁጭ ብሎ የዋለ ነው።»

«መልኩን ብታየው ደግሞ ታብዳለህ። የመርከበኛው ጢም ሲረጥብ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጢሙ፣ ፍሬንድ። ዘጠኝ ስጠው።»

«ስምንት ተኩል። ‹ግንበኛው› ነው ዘጠኝ ያገኘው።»

«አቦ ተው። እሱ እኮ የአባቴ እኩያ ካሴት ነው። ሰውየው ፊት እንኳ የለውም፣ አራት ማዕዘን ነው።»

«አራት ማዕዘኑ ሰውዬ ድንጋይ ሲያነሳ ግን ታዝንለታለህ። ያንተ መርከበኛ ቢሰምጥ የምታየው ጢሙን ነው።»

ጣት ሳቀና መርከቡ ዓለት ገጨ።

‹ግንበኛው› ባለፈው ሳምንት የጻፉለት ጌም ነው። አንድ ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ ማማ ይሠራል፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ጆሮ ስለ እሱ ከጻፈው መሐል ይህ ይገኝበታል፦ «ስምንተኛው ፎቅ ላይ ሙዚቃው ይቆማል። ያን ጊዜ ከሩቅ መዶሻ ይሰማል። ግንበኛው ብቻውን አይደለም፤ ከማይታየው ግድግዳ ማዶ ሌላ ሰው የራሱን ማማ እየሠራ ነው።»

የቋንቋ መምህሩ ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። «ማዳመጥ ማለት እንዲህ ነው» አሉ ለክፍሉ።

እኚሁ መምህር ነበሩ ዐምና በጆሮ ድርሰት ራስጌ በቀይ «ከየት ገለበጥከው?» ብለው የጻፉት። አልገለበጠም ነበር። የተማረ ሰው ሲጠረጥር ማስረጃ የሚጠይቀው የለም፤ የተጠረጠረው ግን መሐላውን የሚሰማለት አያገኝም። ጆሮ ያችን ቀይ ቀለም ዓመት ሙሉ ተረከዙ ውስጥ እንደገባች እሾህ ይዟት ዞሯል። የራሱን ቃል ሰሌዳው ላይ ባየ ዕለት ነው እሾኋ የወጣችው።

«ቆይ፣ ማሽኑ ጋለ» አለ ጣትና አጠፋው።

ባሕሩ ጠፋ። ደወሉ ጠፋ። መዶሻው ቀረ።

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ ጠክ።

ጆሮ እርሳሱን እንደያዘ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«መዶሻው።»

«እ፣ ጋሼ ቆርቆሮ ነዋ። ጓሮ አዲስ የገባ ቀጥቃጭ ነው። ባልዲ በለው፣ የውሃ መውረጃ በለው፣ የማይሠራው የለም። እማዬን ራሷን እያመማት ነው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«መቼ ነው የገባው?»

«ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።»

ጆሮ ደብተሩን ዘጋ። «ጣት፣ ‹ግንበኛው› ስምንተኛ ፎቅ ላይ መዶሻ አለ?»

«የለም። ሙዚቃው ይቆማል፣ አለቀ።»

«ጽሑፌን አንብበኸዋል አይደል?»

«አንብቤዋለሁ እንጂ። ቅኔ መስሎኝ ነው።»

«ምን?»

«አንተ አንዳንዴ ያደርግሃል አይደል? የማይታይ ግድግዳ፣ ምናምን። ‹ዛሬ ቅኔው መጥቶለታል› አልኩና ዝም አልኩ።»

ለማረጋገጥ አሮጌውን ካሴት አወጡ። ጣት እፍ እፍ ብሎበት ከተተው። ስምንተኛው ፎቅ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ እነሱ ሲደርሱ ጋሼ ቆርቆሮ የዕለቱን ሥራ ጨርሶ ወጥቶ ነበር። በዚያ ቀን ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ አየ።

ሙዚቃው ቆመ። አራት ማዕዘኑ ሰውዬ ድንጋዩን አስቀመጠና ቆመ። ከእግሩ በታች የሠራቸው ሰባት ፎቆች አንድ በአንድ እየራቁ፣ እየጠበቡ ሄደው የጥፍር ያህል ሆኑ። ምንም ድምፅ የለም። ሰውየው ወደ ታች አየ፤ ፊት የሌለው ሰው ወደ ታች ማየቱ በምን እንደሚታወቅ እንጃ፣ ግን ይታወቃል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳ።

ጆሮን የቆረቆረው ይህ ነበር። እውነተኛው ነገር እሱ ከጻፈው ይበልጥ ያምራል፤ እሱ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶት ነበር።

«ስማ» አለ ጣት ፊቱን አይቶ፣ «ዝም አይነቅዝም። ስምንተኛ ፎቅ ማን ይደርሳል? እኔ ጣት ሆኜ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሰሌዳ ላይ ወጥተሃል። ቲቸር ውሸት መሆኑን ካወቁ አምዱን ነው የሚዘጉት፤ አንተን ደግሞ ታውቃቸዋለህ።»

ጆሮ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታው አንድ ቀን ቆየ።

በማግስቱ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ከእሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያዘለች የሰባተኛ ክፍል ልጅ መንገድ ዘጋችበት።

«ጆሮ ማለት አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ስምንተኛው ፎቅ ሦስቴ ደርሻለሁ።»

«ሦስቴ?»

«ካሴቱ የአባቴ ነው፣ ድሮም እጫወተዋለሁ። መዶሻው ግን አልሰማ አለኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቅሁት፣ አያቴ ተቆጣች። ወንድሜ ‹ስፒከሩ ሞቷል› ብሎ ቴሌቪዥኑን ፈታታው። አሁን ጠረጴዛ ላይ ተበትኗል፤ ሁለት ብሎን ጠፍቶብናል። እና ልጠይቅህ የፈለግሁት፣ የእናንተ ስፒከር ምን ዓይነት ነው?»

መልሱ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ «ያንቺ ካሴት ሌላ ዓይነት ይሆናል» ማለት ብቻ ነው። ልጅቷ ታምነው ነበር። ዓይኗ አምኖ ነው የመጣው።

«ሰኞ እነግርሻለሁ» አለ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ሰው ሁሉ በዶሮዋ ይስቃል፤ ወሬውን ያወራው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ጆሮ ቤቱ እስኪደርስ ያሰበው ይህን ነበር። እራት ሳይቀርብ ደብተሩን ገለጠና ጻፈ፦

«‹ግንበኛው› ስምንተኛ ፎቅ ላይ መዶሻ የለም። እኔ የሰማሁት የጎረቤት ቀጥቃጭ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ጤነኛ ነው፤ አትፍቱት። እዚያ ያለው ዝምታ ነው። ሰውየው የሠራውን ቁልቁል ያያል፣ ማንም አያጨበጭብለትም፣ ድንጋዩን ያነሳል። ከመረመርናቸው ጌሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ ያለው የለም። ዘጠኝ ሰጥቼው ነበር፤ ዘጠኝ ተኩል ነው።»

ሰኞ ጠዋት ጣት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አነበበው። «ከሥሩ ስሜን ፋቅልኝ» አለ። ትንሽ ሄዱ። «ተወው፣ ይኑር። ቅኔ ነው ብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መዶሻው አልነበረም ነው የምትለኝ?»

«ነበር፣ ቲቸር። ጌሙ ውስጥ አልነበረም እንጂ።»

ጣት ሳቁን በሳል ሸፈነ። መምህሩ አልሳቁም።

«እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ የምትጽፈውን ሁሉ እየጠረጠርሁ እንደማነብ ታውቃለህ?»

«ለምጄዋለሁ፣ ቲቸር።»

ቀና ብለው አዩት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ቀዩን ቀለም ጨርሰው ረስተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጆሮ ሊያስታውሳቸው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የመጣበት ጉዳይ ሌላ መሆኑ ትዝ አለውና ዘጋው።

«ለጥፈው» አሉ በመጨረሻ። «አምዱ ግን ለአንድ ወር ይቆማል።»

በኮሪደሩ ጣት አንድ ወር ስንት ጌም እንደሚያመልጣቸው በጣቱ እየቆጠረ ተከተለው። ጆሮ ከግድግዳ ጋዜጣው አጠገብ ካለው ሳጥን አራት ስፒል አነሳ። የእነሱ ቦታ ከላይ ነው፣ ከርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ አጠገብ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ የሚያነብበት። ያንን ቦታ ባዶውን ተወውና ተንበርክኮ ወረቀቱን ከጋዜጣው ጥግ፣ ከታች ለጠፈው።

«ምነው እዚያ ወረድክ?» አለ ጣት። «ማን ያየዋል?»

«ሰባተኛ ክፍሎች» አለ ጆሮ፣ አራተኛውን ስፒል በአውራ ጣቱ እየገፋ።