ስንጥቅ ቁጥር አራት

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። አስተማሪዬም አላመነኝም...

ግን ሆኗል። ባለፈው የካቲት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ። ከመፋዛ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ባዶ የማሽላ ማሳ።

ሸዊት እባላለሁ። ካምፓላ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ሳልጨርስ ከመተማ ድንበር ማዶ ወዳለው ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ፣ ወደ እናቴ ጎጆ ተመለስኩ። ሰፈርተኛው «ያቋረጠችው» ይለኝ ጀመር። እዚያው አቅራቢያ ባለ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ስመዘገብ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ይህን እጨርሳለሁ።

የመጨረሻው የመስክ ሥራ ቀላል ነበር። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ዝናቡ ካበቃ በኋላ ይሰነጠቃል። በጋው በገፋ ቁጥር ስንጥቁ እየጠለቀ ይሄዳል። እኛ ሲባጎ ጫፍ ላይ ብሎን አስረን ወደ ውስጥ እንለቃለን፤ ታች ሲደርስ ሲባጎውን በሜትር እንለካለን። ስድስት ስንጥቆች፣ በሳምንት አንዴ፣ ለአምስት ሳምንት።

አብሮኝ የሚለካው ኣኽሊሉ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር አራት 142 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

በሁለተኛው... 118።

«ብሎኑ ጠርዝ ላይ ቆሞ ነው» አለ ኣኽሊሉ። ሦስት ጊዜ ለቀቅነው። ያው 118።

አምስቱ ስንጥቆች ጠልቀዋል። ቁጥር አራት ብቻ...

በሦስተኛው ሳምንት 81።

«አፈር ገብቶበት ይሆናል።»

«ጠርዙን እየው እስቲ። የተናደ ነገር አለ?»

አልነበረም። ደግሞ ብሎኑ ታች ሲደርስ ድምፅ የለውም። ትራስ ላይ እንደወደቀ ነገር... ለስለስ ብሎ ያርፋል።

አስተማሪያችን ኡስታዝ ሉጥፊ ቅጹን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ስሚ ሸዊት፣ አፈር እየደረቀ ጉድጓድ ይሞላል? ቤት ቁጭ ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

«ኡስታዝ፣ ለክቼ ነው።»

«እንግዲያው አስተካክለሽ ለኪ። አለበለዚያ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ዓመቱን... እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

በአራተኛው ሳምንት የማሳው ጠባቂ ሐጂ ያዕቁብ ጠሩን። የመተማ ሰው ናቸው፤ ማሳውን ሃያ ዓመት ጠብቀዋል። ከግራር ሥር ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ያችኛዋን ተያት፣ ልጄ።»

«የትኛዋን፣ ሐጂ?»

«ታውቂያታለሽ። ዝናቡ ሲመጣ ራሱ ይዘጋታል። ብቻ እናንተ እንዳትዘጉባት።»

«ብንዘጋስ?»

ከጀሪካናቸው ውኃ ቀድተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ።

«ሌላ መውጫ ትፈልጋለች።»

«ሐጂ፣ ፀሐይ መትቶዎታል» አለ ኣኽሊሉ።

«አንተንም አይምርህ፣ ቆይ።»

ሲባጎውን ለቀቅሁ። 35 ላይ ቆመ።

ከዚያ... ተወጠረ።

አልተጎተተም። ተወጠረ ብቻ። ሰው ሌላውን ጫፍ ይዞ፣ በደንብ እንዲለካ ቀጥ እንደሚያደርግልህ።

«ልቀቂው» አለ ኣኽሊሉ በሹክሹክታ።

«ተያዘ እኮ...»

«ሓፍተይ... እህቴ፣ ልቀቂው።»

ራሱ ላላ። ሳወጣው ብሎኑ የለም። በብሎኑ ፋንታ ጫፉ ላይ እርጥብ ጭቃ። በዚያ ድርቅ... እርጥብ።

ከጫፉ 35 ላይ አንድ ቋጠሮ ነበር። ኣኽሊሉ ሜትሩን ዘረጋ። ሌላው ቋጠሮ 81 ላይ። ሌላው 118። ሌላው 142።

እኛ ሲባጎው ላይ አንድም ቀን ቋጠሮ አላሰርንም።

ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር...

እኛ አገር መሬት ሲሰነጠቅ ዝም አይባልም። ቦረቦር ይደፈናል። በልጅነታችን ጎርፍ ለሚያግድ ክትር ሥራ ድንጋይ ተሸክመን አድገናል። እዚህ ድንጋይ የለም። አካፋ አነሣንና አፈር ሞላንበት። በእግራችን ረገጥነው፤ ደግመን ረገጥነው።

ቀና ስል ሐጂ ያዕቁብ ቆመው ያዩናል። ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፣ ጀሪካናቸውን አነሡና በመንገዱ ሄዱ።

አልተመለሱም።

በአምስተኛው ሳምንት ማሳው ድረስ አልሄድኩም። ቤት ቁጭ ብዬ የአራተኛውን ሳምንት 150፣ የአምስተኛውን 163 ብዬ ጻፍሁ። የቀደሙትንም አስተካከልኩ።

ኡስታዝ ሉጥፊ ፈገግ አለ። «አየሽ? እውነቱን ስትጽፊ እንዴት ያምራል።»

አለፍኩ። የምስክር ወረቀቴን እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ከአልጋዬ በላይ ሰቀለችው። ለመጣው ሰው ሁሉ ታሳያለች። ያቋረጠችው የሚለኝ ቀረ።

ይህን ለምን እንደምጽፍላችሁ ልንገራችሁ።

የጎጆአችን ወለል ያው ጥቁር አፈር ነው። እናቴ ጠዋትና ማታ ውኃ ትረጨዋለች፤ በእበት ትለቀልቀዋለች። ተሰንጥቆ አያውቅም።

ትናንት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጋደም ልል ገባሁ። እናቴ ራሽን ለመቀበል ሰልፍ ሄዳለች። ቤት ውስጥ ማንም የለም።

ከአልጋው ሥር ስንጥቅ አለ። ጣት አያስገባም።

ሲባጎ ከውስጡ ወጥቶ በአልጋው እግር በኩል ሽቅብ ሄዷል። በዓይኔ ተከተልኩት...

ብሎናችን ትራሴ ላይ ነው። ጭንቅላቴ ሲያርፍ የሚሰረጉደው ቦታ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ተቀምጧል።

ሲባጎው ተወጥሯል። ሰው ታች ሆኖ እስከ ትራሴ ያለውን ቁጥር እንደሚያነብ።