የጉምዶር ማስነጠስ

በዘልቃ መንግሥት አንድ ቀን ሰማይ በጠራራ ቀትር ጠቆረ። ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ታቃጥላለች፤ በዙሪያዋ ያለው ሰማይ ግን የድስት ቂጥ መሰለ። ጥላ ውስጥ የገባ ሰው የገዛ እጁን ማየት ተሳነው። ነቢያቱ የዓለም ፍጻሜ ነው አሉ። ምን ፍጻሜ! ነገሩ የንግሥት አዝሜላ የጽዳት አባዜ ነበር።

ንግሥቲቱ ምድሯን አስጠርጋ ስትጨርስ ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች፤ አስማተኛዋም አየሩን እንዲጠርግ ታዘዘ። እሱም በሰማይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ ጉምዶር ለሚባል የዋሻ አውሬ አስዋጠው። ያ ለዓይን የማይሞላ ብናኝ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ሲበትን እንደኖረ ማን ልብ ብሎ!

ከሁሉ የተጎዳችው ጣሸዋ የምትባል መንደር ናት። መንደሯ ገደል ሥር ስለተወሸቀች ፀሐይ በቀጥታ አይታት አታውቅም፤ የምትኖረው ሰማዩ በሚያካፍላት ብርሃን ነበር። አሁን ድቅድቅ ጨለማ ዋጣት። የሸንጎው ዳኛ የአባ ዘርሙ ልጅ ሚልካና አባቷን በዳበሳ ተሰናብታ ዙፋኑ ፊት ቆመች፤ «ብናኙን ሳልመልስ የአባቴን ደጅ ብረግጥ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። ንግሥቲቱ እግሯን ታጥባ እንደገባች ጠየቀቻት።

አጃቢ የተሰጣት ባርኮል የሚባል ጎምቱ ጦረኛ ነው። ሪዙን እያፍተለተለ መንገዱን ሙሉ ስለገደላቸው አውሬዎች አወራት፤ ቁጥራቸውም በየዳገቱ ጨመረ። ሚልካና ጆሮዋ ሊደነቁር ምንም አልቀረው።

ጉምዶር ተነፍቶ ኮረብታ አክሎ ተኝቷል። ባርኮል ሆዱን በጦር ቢጎሽመው አውሬው ሳለና ጥቀርሻ ተፋ። ጉድ ፈላ! ጥቀርሻ ብርሃንን ይውጣል እንጂ አይበትንም፤ የነበረችውም ፀሐይ ደበዘዘች። ሚልካና የአባቷን ፊት ዳግመኛ ላታየው መሆኑን አስባ ተንሰቀሰቀች። እንባዋን ስትጠርግ ግን ከአውሬው አፍንጫ በየትንፋሹ ጥቂት ደቃቅ ብናኝ ብልጭ ሲል አየች። ማስነጠስ ነበረበት። በሣር ኮረኮሩት፣ ሣሩ ተሰበረ፤ በላባ ኮረኮሩት፣ ወይ ፍንክች። ያኔ ዓይኗ በባርኮል ሪዝ ላይ አረፈ።

በዘልቃ ሪዝ የሌለው ወንድ በሸንጎ አይናገርም። ለባርኮል ደግሞ ዝም ማለት ከሞት ይከፋል። ብዙ ካቅማማ በኋላ ጎራዴውን አቀበላትና ዓይኑን ጨፈነ።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ሪዙን ከጦሩ ጫፍ አስረው አፍንጫው ውስጥ ሲሰዱት ጉምዶር አስነጠሰ፤ ሁለቱም ሜዳው ላይ ተዘረሩ። ነፋሱ ጥቀርሻውን ጠራረገው፤ ብናኙም ወደ ላይ ተበተነ፤ ብርሃኑ ከቅንጣት ቅንጣት እየነጠረ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ አደረገው።

ጣሸዋ ሲደርሱ ገደሉ ሥር ነግቷል። አባ ዘርሙ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው እያዩ አለቀሱ። ሕዝቡ በሸንጎ ተሰብስቦ የሆነው ሁሉ ይነገረን አለ። ባርኮል ተነሣ፤ ባዶ ከንፈሩን ዳበሰ፤ መልሶ ተቀመጠ።

አባ ዘርሙ ይህን አይተው ምላጭ አስመጡና የገዛ ሪዛቸውን ሙልጭ አድርገው ላጩት። ከዚያም አጠገቡ ተቀመጡ።

«በል ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነኝ። ተናገር።»

የሚከለክል አልተገኘም። ባርኮል ጀመረ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጉምዶር ሰባት ራስ አወጣ። አንዱን ብቻ ያየችው ሚልካናም በእያንዳንዱ ራስ «እውነቱን ነው» እያለች መሰከረችለት።