ያልደረሰ ሰላምታ

የአንድ ኪሎ ስኳር ላስቲኮችን እያሰርኩ ነበር።

ሐምሌ ሃያ ስምንት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ። ደብረ ታቦር፣ የእትዬ ራቢያ ሚኒ ማርኬት። ሰዓቱን በግምት አይደለም የምነግራችሁ። ያን ጠዋት የቆረጥኩት ደረሰኝ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ታትሞበታል።

ባታምኑኝ አልቀየምም። እኔም አንዳንዴ ደረሰኙን አውጥቼ የማየው ለዚያ ነው።

ጌጤ እባላለሁ። ካሸር ነኝ። ከእብናት ገጠር ከመጣሁ ያኔ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ከሰው ጋር ቶሎ አልግባባም። በቀን ከመቶ ሰው ጋር አወራለሁ፤ ወሬው ግን ያው ነው።

"እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና ናቸው።"

ደረሰኝ፣ ፌስታል፣ ቀጣይ።

ማታ የኪራይ ክፍሌ ስገባ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ሐምሌ አምስት ቀን፣ ሥራ ላይ እያለሁ አጎቴ ሞላ ደወለ።

"ጌጤ... እናትሽን ሌሊት አጣናት። ዘጠኝ ሰዓት እንቀብራለን። ድረሽ።"

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ቤትሽ ይመጣሉ፣ ሰው አጠገብሽ ይቀመጣል። እኔ አጠገብ የነበረው የብስኩት ካርቶን ነው።

ፊቴ ጋሼ ዓለምነው ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ።

"እናትሽ ናቸው የደወሉት?"

"አዎ..."

"ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት።"

የመለሰው አፌ ነው። በቀን መቶ ጊዜ የሚለውን አለ።

"ሰላም በይልኝ! ይህን የላስቲክ ቋጠሮ ያስተማሩሽ እሳቸው አይደሉ? ሌባ ቢታሰርበት ሳይጠየቅ ይናዘዛል።"

"እሺ፣ አደርሳለሁ።"

ደህና ናት ካልኩ በኋላ ለቀብር ፈቃድ እንዴት ልጠይቅ? አፈርኩ።

አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ናት አልኩ። እትዬ ራቢያ ሰላምታ ላኩ። የሰፈሩ ሰው ላከ። ሁሉንም ተቀበልኩ። የማደርስበት አልነበረኝም።

ስለ ቋጠሮው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ልጅ ሳለች የቀኝ አውራ ጣቷን ማጭድ ቆርጦ ጥሎታል። ስለዚህ ስታስር ወደ ግራ ነው የምታዞረው። እኔ ያንኑ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ነው የማስረው።

እና ያን ጠዋት... ስኳሩን እያሰርኩ...

በራችን ላይ ትንሽ ቃጭል አለች። ማንም ሲገባ ትጮኻለች።

አልጮኸችም።

ቀና ስል አንዲት አሮጊት ፊቴ ቆመዋል።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። የእሳቸው ነጠላ ግን ደረቅ ነው። ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሰው፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለብሰውታል።

አንድ ክብሪት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"እንደምን አደርሽ፣ ጌጤ?"

ስሜን ማን ነገራቸው...?

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?"

"ፈንታነሽ ሰላም ብላሻለች።"

ፈንታነሽ እናቴ ናት።

አፌ ግን የለመደውን መለሰ።

"እግዚአብሔር ይመስገን... እርስዎም ሰላም ይበሉልኝ።"

"እሺ" አሉ። "አደርሳለሁ።"

ደረሰኙን ቆርጬ ስዘረጋ ሰው የለም። ክብሪቱ እዚያው ነው።

ዕቃ የምትደረድረው ሀናን ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቷን አወጣች።

"አንቺ፣ ከማን ጋር ነው የምትንሾካሾኪው? በስልክ ባል ያዝሽ እንዴ?"

"አሁን የወጡትን እናት አላየሽም?"

"ማንም አልገባም እኮ" ብላ ሳቀች።

በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት መጡ። ቃጭሏ ዝም አለች።

"ሰላምታሽ ደርሷታል" አሉ በሹክሹክታ። "ደስ ብሏታል።"

የያዝኩትን ላስቲክ አስቀመጥኩ።

"የዓለምነው ግን አልደረሰኝም ብላለች። የራቢያም። ሰላምታ አደራ ነው፤ ለምን ያዘችብኝ ትላለች።"

"እማማ... እናቴ እኮ..."

"እናትሽ ምን?"

ቃሉን አንድ ጊዜ ካልኩት እውነት ይሆናል።

"ደህና ናት" አልኩ።

አሮጊቷ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

"እንግዲያው ነገ ራሷ ትመጣለች። ደህና የሆነ ሰው ልጁን መጠየቁ አይቀርም።"

ያን ማታ አልተኛሁም። ፈርቼ ነበር። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም... ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር። ወደዚህ ከተማ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር አሰብኩ። የምትመጣው የትኛዋ ናት? እኔ የማውቃትን እነሞላ ቀብረዋታል። ልጇ ሳታለቅስላት ሃያ አምስት ቀን አፈር ውስጥ የቆየችው ናት የምትመጣው።

ጠዋት ጉሙ እስከ ሱቁ መስታወት ድረስ ወርዶ ነበር። መንገዱ አይታይም። ስድስት ላስቲክ ስኳር ሞልቼ፣ ላሰራቸው ስል ሰዓቱን አየሁ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ።

መስታወቱ ላይ እጅ አለ።

ከጉሙ ውስጥ የወጣ የቀኝ እጅ፤ መዳፉ ተለጥፏል። ቀይ አፈር ይዟል።

አራት ጣት ነው። አውራ ጣት የለውም።

ከእጁ በላይ ፊት መኖር ነበረበት። እዚያ ግን ጉም ብቻ ነው...

ቃጭሏ ጮኸች። ዘለልኩ።

ጋሼ ዓለምነው ናቸው። እጁ አጠገብ አልፈው ገቡ። አላዩትም።

"ኧረ ይሄ ብርድ! ሞተር ቢሆን አይነሳም" አሉ ኮፍያቸውን እያራገፉ። "ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? እናትሽ ደህና ናቸው?"

እጁ ከመስታወቱ ተነሳ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ እጀታ ሄደ...

እጀታው መዞር ጀመረ።

ደህና ናት ብል ትገባለች። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።

ትገባለች። አያታለሁ። ምናልባት ስሜን ትጠራኛለች...

"ጌጤ? እናትሽን እኮ ነው የጠየቅኩሽ።"

"ሞታለች" አልኩ።

እጀታው ቆመ።

"ሃያ አምስት ቀኗ ነው። አልቀበርኳትም፣ ጋሼ። ሰላምታዎንም አላደረስኩም። ዋሽቼዎት ነው።"

ጋሼ ዓለምነው ኮፍያቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋባቸው።

"ብቻሽን? ይህን ሁሉ ቀን... ብቻሽን? ራቢያ! ኧረ ራቢያ፣ ነይ ጉድ ስሚ!"

እትዬ ራቢያ ከመጋዘኑ ሮጠው ወጡ። ራሴን ደረታቸው ላይ ያዙት።

"አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። እኔ ምን ሆኜ ነው ለኔ ያልነገርሽኝ?"

ሱቁን ዘጉት። የዘይት ካርቶን ላይ አስቀመጡኝ። ሀናን እግሬ ስር ተቀምጣ እኔን እያየች ታለቅሳለች። ያኔ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ "እናቴ" ብዬ፣ ስሟን እየጠራሁ።

በመሀል ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ። ጉሙ ተነስቷል። መንገዱ ባዶ ነው። ሄዳለች...

እንዳትገባ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

"አርባዋን አብረን እንሄዳለን" አሉ እትዬ ራቢያ። "አሁን ቤትሽ እንውሰድሽ።"

"ቆይ" አልኩ። "የጀመርኩትን ልጨርስ።"

ሞልቼ ወደተውኳቸው ስድስት ላስቲኮች ተመለስኩ። አንዱን አሰርኩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛውን። አምስተኛውን።

ስድስተኛው ታስሯል።

ወደ ግራ።

ሀናንን አልጠየቅኳትም። አልፈታሁትምም። ቋጠሮው ላይ የነበረውን ጥቂት ቀይ አፈር በጣቴ ጠረግሁና፣ ከሌሎቹ ለይቼ ባንኮኒው ስር አስቀመጥኩት።