የተቀየረው ጠብታ

መጀመሪያ የተዋወቁት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። በዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ጠብታ የተደረገለት ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ስለሚቀመጥ፣ ማን ከማን አጠገብ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

«የእርስዎም ዓይን አሸዋ የሞላበት ይመስላል?» አለ የወንድ ድምፅ ከጎኗ።

«የእኔስ በርበሬ ነው» አለችው።

ሳቀ። ሳቁ ደስ አላት። ዓይኗን ስትገልጥ ደግሞ ባለ ሳቁም የሚከፋ አልነበረም።

እሷ ሰዓት ሠሪ ናት፤ ከአባቷ በወረሰችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ብሎን ስትፈታና ስታስር የምትውል። እሱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የሁለቱም ዓይን እንባ ነፍጓቸዋል፤ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል፣ መብራት ሲያይ ይወጋዋል። ታላቅ ወንድሟ «አንቺ እኮ ድሮም ዓይነ ደረቅ ነሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር። የደንበኛ ሰዓት በእጇ ሲበላሽ ግን ቀልዱን ተወው።

«ይሄ አዲስ መድኃኒት ካላዳነሽ ሱቁን እናከራየዋለን፤ አንቺንም አባታችንንም አታሰድቢ» አላት። ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነበር።

አዲሱ መድኃኒት ገና እየተጠና ነበር። ዶክተሯ ገና ሲጀምሩ እቅጩን ነግራቸዋለች፦ «ግማሾቻችሁ መድኃኒቱን ትወስዳላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ዓይን የሚያረጥብ ተራ ጠብታ። ጠርሙሳችሁ ላይ ያለው የየራሳችሁ ቁጥር ብቻ ነው፤ የቱ ለማን እንደ ደረሰ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም። ጥናቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። መቀያየር በፍጹም ክልክል ነው።»

ሳምንታት አለፉ። ሹፌሩ ተሻለው። የሷ ጠብታ ግን በገባ ቁጥር እንደ እሳት ያቃጥላታል። ከምርመራ በኋላ ሻይ ቤት አብረው መቀመጥ ለምደዋል፤ ዓይኗ ቀልቶ ሲያያት ወሬው ይቋረጣል፣ ብርጭቆውን ትኩር ብሎ እያየ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከሌላው ሰው ሁሉ ማጽናኛ ይበልጥላት ነበር።

አንድ ቀን እንዲሁ ሻይ ጠጥተው በተለያዩ ማግሥት ጠብታው ማቃጠሉን ተወ። በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ ወንድሟ ዘንድ ሮጣ «ተሻለኝ!» አለችው። ሱቋ ተመልሳ ግን ጠርሙሱን እንደ ልማዷ በማጉያ መነጽሯ አየችው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የሷ አይደለም። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ያየችው የሹፌሩ ነው።

ትናንት ሻይ ቤት እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ቦርሳዋን እሱ ዘንድ ትታ ነበር።

የሱን ሰጥቶ የሷን ወስዷል። ወዲያው ደግሞ ሥራው ትዝ አላት። ያን የሚያቃጥል ጠብታ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ በዚህች ሰዓት፣ ያንን ገደል ለገደል የሚሄድ መንገድ ሰው ሞልቶ እየነዳ ነው! ደወለች። አያነሳም። እንደገና ደወለች። ሱቁን ዘግታ ወደ አውቶቡስ ተራ በረረች።

«አውቶቡሱ ዘግይቷል» አላት ተቆጣጣሪው። «ምነው፣ ሰው አለሽ?»

«አለኝ» አለች። ቃሉን ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሌሎች አውቶቡሶች ገቡ። የሱ የለም። በየመሪው ላይ ያለውን ፊት እያየች ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ መልሳ ትቆማለች። በመጨረሻ የሱ አውቶቡስ እያዘገመ ገባ። ተሳፋሪዎቹ «በየኩርባው እያቆመ አስመሸን» እያሉ ሲያጉረመርሙ ወረዱ። እሱ ከሁሉም ኋላ ወረደ፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ምን ነካህ? ይሄን ሁሉ የሰው ነፍስ ጭነህ!»

«ሲያቃጥለኝ እያቆምኩ ነው የመጣሁት።»

«ማን ለመነህ?»

«ማንም። የኔ የሚያድነው መሰለኝ። ሱቅሽን ስትለቂ ማየት አቃተኝ።»

ልትመታውም ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች።

በማግሥቱ ዶክተሯ ፊት ሁሉንም ተናዘዙ። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሁለታችሁም ከጥናቱ ወጥታችኋል። አንዳችሁ የሌላውን ስለ ተጠቀማችሁ ግን የቱ ምን እንደ ሆነ ለደህንነታችሁ የጥናቱን ቢሮ መጠየቅ አለብኝ።» ስልክ ደወለች፤ አዳመጠች፤ ወደ ሰዓት ሠሪዋ ዞረች። «መድኃኒቱ ያንቺ ነበር። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ለውጡ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። የሱ ተራው ጠብታ ነበር።»

«እኔ እኮ ድኛለሁ!» አለ ሹፌሩ።

«ማርጠቡ ያስታግሳል። ተስፋም እንደዚያው።»

«እንግዲያው መልሱላት! ጥፋቱ የኔ ነው!»

«አይቻልም። ጥናቱ አልቆ መድኃኒቱ ከተፈቀደ እንደማንኛውም ሰው ታገኛለች። ካልተፈቀደ ደግሞ...» ዶክተሯ አልጨረሰችውም።

ውጭ ንፋስ አቧራ ያነሳል። ሹፌሩ ርቆ ቆመ።

«ልሂድ» አለ። «ፊቴን ማየት አትፈልጊም።»

ሱቁ ትዝ አላት፤ ተስፋዋን በገዛ እጁ ከቦርሳዋ አውጥቶ እንደ ወሰደባት አሰበች፣ ቁጣዋም እውነት ነበረው። ግን ይሄ ሰው መዳኛዬ ነው ብሎ ያመነውን ነው ቦርሳዋ ውስጥ ያስቀመጠላት። እሷን እንዲህ የወደዳት ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

«ስማ» አለችው። «ከእንግዲህ ስለ እኔ ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር እንዳትወስን።»

ቀና አለ። «ከእንግዲህ?»

«ከእንግዲህ። ሐኪም እስኪፈቅድልህም መሪ አትነካም። ዛሬውኑ ሄደህ ለአለቃህ እውነቱን ትነግረዋለህ። እኔም ለወንድሜ እነግረዋለሁ።»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ሱቁን አከራየው እለዋለሁ። ቀጥዬ ይሄ ሹፌር ባሌ ሊሆን ነው እለዋለሁ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስቆጣው አብረን እናያለን።»

ሹፌሩን ሳቅ ተናነቀው። እሷ አልሳቀችም፤ ንዴቱ ገና አልወጣላትም ነበር። ክንዱን ግን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት መንገዱን ጀመረች።