ገጽ ሃያ ላይ የነበረው ቅጠል

የምጽፈው የሆነውን ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን ስለምንቅ እንደነሱ ፈጥሬ ማውራት አልወድም።

እ.ኤ.አ. በ1958፣ የካቲት ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ቦታው ኖርፎክ አውራጃ፣ የባሕር ጠረፍ መንደራችን ቤተ መጻሕፍት ነው። የተቀዳደዱና ጥርዛቸው የላላ መጻሕፍትን እጠግን ነበር።

በእጄ የያዝኩት በ1952 የታተመ የግድያ ልብ ወለድ ነው። ሦስት ሬሳ፣ አንድ ውርስ፣ ብዙ ወሬ። ደራሲውን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ የእጁን ነው ያገኘው።

ማንም ተውሶት አያውቅም። የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ላይ አንድም ማኅተም የለም።

ገጽ ሃያን ገለጥኩ...

የመንደራችን አንባቢዎች ልማድ አላቸው። መጽሐፍ ሲጨርሱ ገጽ ሃያ ጥግ ላይ የየራሳቸውን ምልክት ያደርጋሉ፤ ረስተው ደግመው እንዳይዋሱት። የሁሉንም ምልክት አውቃለሁ።

የሻለቃ ሆስኪንስ ኮከብ አለ። የወይዘሮ ተርከትል ዓሣ አለ።

ሻለቃው የሞተው በ1943 ነው። ወይዘሮ ተርከትል ከእሱም ቀድመዋል።

ዘጠኝ ምልክት። የዘጠኙም ቀብር ላይ ቆሜያለሁ።

"በቁማችሁም መምረጥ አታውቁም ነበር" አልኩ። ልስቅ ፈለግሁ።

አሥረኛው ቅጠል ነበር...

ቅጠል የእህቴ የሂልዳ ምልክት ነው። ሂልዳ ቤት ውስጥ በሳንባ ምች ተኝታለች። ሐኪሙ ጠዋት "የዛሬን ካለፈች ትተርፋለች" ብሎኛል።

ቅጠሉ ግማሽ ነው። አላለቀም።

መጽሐፉን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ፎቅ ላይ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

"ይህን አንብበሻል?"

"ያንን ቆሻሻ? ምን በወጣኝ።"

"ምልክትሽ አለበት።"

"እርሳስ የምይዝበት አቅም ያለኝ ይመስልሃል፣ ሲሪል? ይልቅ ሾርባ አምጣልኝ።"

ወረድኩ። መጽሐፉን ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁት።

ሾርባውን ይዤ ስመለስ ዓይኗ ተከድኗል።

አውራ ጣቷን በምላሷ አራሰች። ብርድ ልብሷ ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ገጽ ገለጠች።

ደገመች... ደገመች...

እጇን ያዝኩት። በረዶ ሆኗል።

"ሂልዳ፣ ተይ።"

"ተወኝ" ብላ አንሾካሾከች። "ሁለት ገጽ ነው የቀረኝ።"

"መጨረሻውን አይቼዋለሁ። ገዳዩ አትክልተኛው ነው። ሌላ ምንም የለውም። ተይው፣ እህቴ።"

ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች።

"አይደለም" አለች።

እጇ ከእጄ ሾልኮ ወጣና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ...

የሚገለጥ ወረቀት ንፋስ ፊቴን ነካኝ።