የሐኪም ጆሳያ አባት

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ዐሥራ ሰባት ቀን፣ እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በኮለምበስ ከተማ በስተምሥራቅ በኩል የኢትዮጵያውያን ማኅበር በተከራየው አዳራሽ ውስጥ፣ ጀማነህ ዘለቀን ኢንጂነር ሽፈራው በመቶ ሰው ፊት አዋረደው። ጀማነህ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሽፈራው ያሰረውን ሰማያዊ ከረባት ያስታውሳል፤ ከሳቁትም መካከል የፊተኛው ረድፍ ሰዎችን አንድ በአንድ በስም ያውቃቸዋል።

ማኅበሩ የተሰበሰበው በኦሃዮ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ታሪክ የሚጽፍ ኮሚቴ ሊመርጥ ነበር። ጀማነህ በሱዳን በኩል አቋርጠው ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነውና፣ ማን በየትኛው ዓመት እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር አፓርታማ ተጋርቶ እንደኖረ፣ የማን ልጅ መጀመሪያ እንደተወለደ በቃሉ ያውቃል፤ ስለዚህ እጁን አወጣ። ሽፈራውም በዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚያንሰው ሰው ሆኖ ሳለ፣ “ጋሼ” እንኳ ሳይል፣ “ጀማነህ፣ ታሪክ መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ አንተ ወንበሮቹን ደርድርልን፣ እሱ ይበቃናል” አለው። አዳራሹ ሳቀ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሳቁ አልነበረም፤ ጀማነህ ተነሥቶ ወንበሮቹን መደርደሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያችን ቀን በሆዱ ይዞ፣ በየጠዋቱ ከሂልቶፕ ተነሥቶ፣ በብሮድ ስትሪት አውቶቡስ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ቤክስሊ ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቁት ወይዘሮ ኮራ ሩበን ናቸው፤ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ዕድሜያቸውን በመምህርነት የፈጸሙ። ጀማነህ ቁርሳቸውን ያቀርባል፣ መድኃኒታቸውን ይሰጣል፣ በዊልቸር ያንሸራሽራቸዋል፤ ሲጠራቸውም “እትዬ ኮራ” ይላል። ትርጉሙን የነገራቸው ዕለት፣ “ታዲያ ሌላው ሰው ሁሉ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የማይጠራኝ?” ብለው ነበር።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ፣ እትዬ ኮራ አንድ ደብዳቤ ደርሷቸው ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ዋሉ። ደብዳቤው የመጣው ከከተማው በስተደቡብ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ከምትገኘው ከሃርሞን ክሪክ ነው። የመንደሯ ሰዎች፣ እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው ያ ወረርሽኝ ዓለምን ባጠፋበት ዘመን ሕዝቡን ላከሙ ሐኪሞች መታሰቢያ ሊያቆሙ ተነሥተዋል፤ ከሐኪሞቹም አንዱ የእትዬ ኮራ አያት፣ የገጠር ሐኪሙ ዶክተር ጆሳያ ሩበን ነበር። ነገር ግን በመንደሯ አንድ አሮጌ ሐሜት አለ፤ “ያ ሰው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ የሌላ ሰው ስምና የሌላ ሰው ወረቀት ይዞ የሸሸ ወንጀለኛ ነው” የሚል። የእትዬ ኮራ የወንድም ልጅ ከዓመታት በፊት የዘር ሐረግ የሚያጠና ባለሙያ ቢቀጥርም፣ ባለሙያው በኦሃዮም በኬንታኪም የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ውስጥ ከጆሳያ ጋር የሚገጥም ሩበን የሚባል ቤተሰብ አጥቶ ተመልሷል። ደብዳቤውም፣ እስከ መስከረም አጋማሽ የሐኪሙ ማንነት ካልተረጋገጠ ስሙ ከመታሰቢያው ይቀራል ይላል።

“እኔ ሞቼ ቢቀር ባላየሁት” አሉ እትዬ ኮራ። “በቁሜ መሆኑ ነው የከፋኝ።”

በሰው ፊት መናቅ ምን እንደሆነ ጀማነህ ያውቀዋል። የአያታቸውን ወረቀቶች አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከሁሉ በላይ የነበረው የአንድ ካርድ ቅጂ ነው፤ የታችኛው የግራ ጥጉ ተቀድዷል። ፖስታ ቤት ቀዶት ይሆናል ብሎ ሲጠይቅ፣ እትዬ ኮራ በአስተማሪ ድምፅ ነገሩት፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የወታደር ምዝገባ ካርድ ነው፣ ተመዝጋቢው ጥቁር ከሆነ ጸሐፊው ያንን ጥግ እንዲቀድ በካርዱ ላይ ታትሞ ታዟል።

ያ ካርድ የተጻፈው በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን፣ ማክሰኞ ነበር። በዚያ ዕለት በአሜሪካ ምድር ዕድሜው ከሃያ አንድ እስከ ሠላሳ የሆነ ወንድ ሁሉ እንዲመዘገብ ታውጆ፣ የሠላሳ ዓመቱ ሐኪም ጆሳያ ሩበን ከአንድ ወላድ ቤት ሲወጣ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ጫማው ጭቃ እንደሆነ ሰልፍ ያዘ። በጠረጴዛው የተቀመጠው ጸሐፊ ሐኪሙን ያውቀዋል፤ የገዛ ልጁን ከጉሮሮ በሽታ ያዳነለት እሱ ነው፤ ሆኖም ሌላውን ሁሉ “ሚስተር” እያለ ቆይቶ፣ እሱ ዘንድ ሲደርስ “ጆሳያ፣ የት ተወለድክ?” አለው።

“ስቲልማን ላንዲንግ፤ ወንዙ ዳር” አለ ሐኪሙ።

“ባንተ እጅ የሚተዳደር ሰው አለ?”

“ሚስቴ፣ አንድ ልጄ፣ አባቴ።”

ጸሐፊው ጻፈ፤ የአባትህ ስም ማን ነው ብሎ ግን አልጠየቀም፤ ካርዱ ላይ እንዲያ የሚል ጥያቄ የለምና። ከዚያም ጥጉን ቀደደና ቁራጩን ከጠረጴዛው ሥር ጣለው። ሐኪሙ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። በዓመቱ የመንደሯ ነጭ ሐኪም ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ሳለ ወረርሽኙ ሲገባ፣ ሕመምተኛው ሁሉ በእሱ እጅ ወደቀ፤ በጓሮ በር እያስገቡት የነጩንም የጥቁሩንም ቤት አከመ፤ የጸሐፊውንም ቤት ጭምር።

ጀማነህ ካርዱን በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ሲጨርስ፣ “እትዬ ኮራ፣ የሐኪሙ አባት ሩበን በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው” አለ።

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። “አይ ልጄ፣ ሩበን የቤተሰባችን ስም ነው። የአባቱን ስም ማን ያውቃል?”

ማታ ለልጁ ለሔርሞን ሲነግራት እሷም ሳቀችበት። “ዳድ፣ ላስት ኔም እኮ እንደዚያ አይደለም። ዛትስ ኢትዮጵያ።”

ጀማነህ አኮረፈ። በዚህ አገር መጀመሪያ ያስቀየመው ይኸው የስም ነገር ነበር፤ ክሊኒክ ሲሄድ “ሚስተር ዘለቀ” ብለው የሞተ አባቱን ይጠሩታል፤ ልጁም ሔርሞን ጀማነህ መሆኗ ቀርቶ ሔርሞን ዘለቀ ተብላ፣ የወለዳት እሱ በወረቀቷ ላይ እንደሌለ ሆኖ ታልፏል። ያን ዕለት ግን ኩርፊያው መንገድ አሳየው። አንድ ልጅ የአባቱን ስም ከስሙ ቀጥሎ መያዙ ለእሱ እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የሚሆንበት ለባለሙያው ነው። “ይሁና” አላት፤ “እኔ የማውቀውን አካሄድ እሄዳለሁ። አንቺ ኮምፒውተሩን ክፈቺልኝ፤ ላስት ኔም የሚለውን ባዶ ተዪው።”

በዚህ ዓይነት ሰባት ቅዳሜ ላይብረሪ ገብቶ ዋለ። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች የመንደሩን ሰዎች ስም ሁሉ አበላሽተው አንብበውታልና ፍለጋው ምንም አላወጣም፤ ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር የሺህ ዘጠኝ መቶውን ቆጠራ፣ የስቲልማን ላንዲንግን ገጽ ሁሉ በየተራ ማንበብ ግድ ሆነ። የቆጣሪው የእጅ ጽሕፈት የሸረሪት ድር ይመስላል። የተማረ ሰው በዓይኑ ጠርጎ ያልፈው ነበር፤ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠው ጀማነህ ግን እንግሊዝኛን ድሮም ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው።

በሰባተኛው ቅዳሜ፣ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ እንዲህ የሚል አገኘ፤ ሩበን ቶሊቨር፣ የቤቱ ራስ፣ ጥቁር፣ በኬንታኪ የተወለደ፣ ዕድሜው ሃምሳ ስድስት፣ ሥራው በጀልባ ሰው ማሻገር። ከሥሩ ሚስት። ከሚስት ሥር ሦስት ሴት ልጆች። ከእነሱም ሥር፣ ጆሳያ፣ ወንድ ልጅ፣ የተወለደው በኤፕሪል ወር 1887። የካርዱን ቅጂ ከደረት ኪሱ አወጣ፤ በካርዱ ላይ ሐኪሙ የተወለደበት ቀን ኤፕሪል 9፣ 1887 ይላል። ጀማነህ ብድግ አለ፤ እንደገና ተቀመጠ፤ አጠገቡ የነበረችውን የማያውቃትን ሴት፣ “አባትየው ተገኘ” አላት በአማርኛ።

ቶሊቨር የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ደግሞ ሔርሞን አገኘችው፤ አሁን እሷም ገብቶባት ሳትተኛ ማደር ጀምራ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1860 ዓመት፣ በኬንታኪ፣ የባሪያ አሳዳሪዎች መዝገብ ላይ ቶሊቨር የሚባል ጌታ ዐሥራ አንድ ሰዎች አስቆጥሯል፤ የጌታው ስም ተጽፏል፣ የዐሥራ አንዱ ግን ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ወንድ፣ ዐሥራ ስድስት። ስም የለውም።

ያ ስም የለሽ ልጅ ባርነት ከነበረባት ከኬንታኪ ወንዙን ወደ ኦሃዮ ተሻግሮ ነፃ ወጣ፤ አርባ ዓመትም በዚያው ወንዝ ላይ ሌሎችን አሻገረ። ልጁ ጆሳያ ለሕክምና ትምህርት ወደ ደቡብ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፣ ሽማግሌው መቅዘፊያውን አስቀምጦ፣ “ቶሊቨር እናቴን የሸጠ ሰው ስም ነው። እኔ ማንንም አልሸጥሁም፤ የእኔን ያዝ” አለው። ልጁም ያዘ። ለምን እንደያዘ ግን ለልጆቹ አልነገረም፤ የአባቱን ውርደት ሳይናገር የአባቱን ክብር ብቻ ማውረስ ፈልጎ ነበር፤ በዚሁም ዝምታ ሐሜቱ በቀለ።

ሰኞ ጠዋት ጀማነህ ወረቀቱን በእትዬ ኮራ ጭን ላይ አኖረ። መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ሰማንያ ስምንት ዓመት ሙሉ” አሉ፣ “ስሜን በጻፍኩ ቁጥር እሱን ስጠራው ኖሬያለሁ።”

“አዎ እትዬ። እኛ አገር እንዲህ ነው።”

የሃርሞን ክሪክ ሰዎች ማስረጃውን መርምረው ሐሜቱን ሽረው ስሙን መለሱ። ጥቅምት ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ፣ የበቆሎው ማሳ ታጭዶ በደረቀበት ወቅት፣ በመንገዱ ዳር መታሰቢያው የተሸፈነበት ጨርቅ ተገፈፈ፤ በነሐሱ ላይም፣ ከሌሎቹ ሐኪሞች ስም ጋር፣ ዶክተር ጆሳያ ሩበን፣ የአሻጋሪው የሩበን ልጅ፣ ተብሎ ተጽፎ ታየ። እትዬ ኮራ ለጀማነህ ክብር ሲሉ የኢትዮጵያውያኑን ማኅበር ጋብዘው ነበርና፣ ሊቀ መንበሩ ኢንጂነር ሽፈራው ካሜራ አንጠልጥሎ መጥቷል። ሰዉ ሲበተን፣ በሚታጠፉት ወንበሮች መካከል አልፎ ወደ ጀማነህ ቀረበ፤ ጎንበስም አለ።

“ጋሽ ጀማነህ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። የእኛ መጽሐፍ እስካሁን አንድ ምዕራፍ አልሞላም፤ እርስዎ ቢገቡልን ኮሚቴው ደስ ይለዋል።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ለመሆኑ ይኼን ማን ሠራልዎት? ሔርሞን ናት?”

ሰባት ዓመት ያህል ሲያሽሞነሙነው የኖረ መልስ ነበረው፤ ከረባቱም፣ ወንበሩም፣ የሳቁትም ስም በውስጡ አሉ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነሐሱን አየ። ከጆሳያ ነገር ሁሉ ታሪክ ያስቀረው ሁለት ስም ነበር፤ የአባትና የልጅ። ጥጉን የቀደደው ጸሐፊ የለበትም፤ በሐሜት ያረጁት መንደርተኞች የሉበትም፤ በሰባት ቅዳሜ ዓይኑን ያፈሰሰውም ሰው የለበትም፤ ከቶሊቨር ዐሥራ አንድ ባሮችም የዐሥሩን ስም እስከ ዛሬ ያነሣ የለም። ሐኪሙም ጥጉ ሲቀደድ እያየ ባርኔጣውን አንሥቶ የወጣ መስሎ ታየው፤ የናቀው ሰው ስም እንደማይቀር አውቆ ይሆን እንዴ ብሎ አሰበ።

ባርኔጣውን አስተካከለ፤ የዊልቸሩን እጀታ ያዘ፤ ወንበሮቹ እንደተዘበራረቁ ትቶ፣ እትዬ ኮራን እየገፋ፣ ሔርሞን ሞተር አስነሥታ ወደምትጠብቅበት መኪና ሄደ።